የጨመርኩላቸው ዓይን

ልጆቹ ናቸው ንገሩን ያሉኝ። ክረምቱ ሲገባ የልጅ ልጄና ጓደኞቿ ሳጥን ሲያራግፉ አንድ ሰፊ መጽሐፍ አገኙ። ገለጡና ሳቁ፤ ደግሞ ሳቁ። ከዚያ አንደኛዋ መጽሐፉን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና፣ «እማማ፣ እነዚህ ሴቶች ምን ሆነው ነው ሁለተኛው ዓይናቸው ጆሯቸው ላይ የበቀለው? ይንገሩን እስቲ» አለችኝ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። ስደክም ታቆማለች፤ ውሃ ጠጥቼ እቀጥላለሁ። አሁን አሁን ቶሎ ነው የሚደክመኝ። ወሬው ግን ረጅም አይደለም። ስለ ቀለም ነው፣ ስለ እርሳስ ነው፣ ስለ ልጄም ነው።

ሰው ዘዋሪዋ ይለኛል፤ አልዋሸም። ባሌ ሲሞትብኝ ልጄ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ለነፍሱ ብዬ አንድ ንግሥ ልሳለም ወጣሁ። እዚያ ሳለሁ በሌላ ደብር ታቦት ይነግሣል ሲሉ ሰማሁ፤ ወደዚያ ሄድኩ። እንዲህ እንዲህ እያለ መንገዱ ቤቴ ሆነ። ላሊበላ፣ ነአኩቶ ለአብ፣ ሙጃ፣ ወገል ጤና፣ ግሸን፣ ደግሞ መመለስ። ልጄን ያሳደገቻት እናቴ ናት፣ ሙጃ ላይ። በዓመት አንዴ፣ ሲሆን ሁለቴ፣ ጸበል በጠርሙስ፣ እምነት በጨርቅ ቋጥሬ እደርሳለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ልሄድ ስነሣ ቀሚሴን ይዛ ታለቅስ ነበር። በኋላ ማልቀሱን ተወችው። ጓዜን ስሸክፍ ዱላዬን ታቀብለኝ ጀመር። እኔ ሞኟ፣ ጠነከረችልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስም አልነበርኩም። ወገል ጤና ላይ መንገድ ተዘግቶ፣ በሰው ቤት በረንዳ ላይ ወሬ ስሰማ ወራት አለፈ። መንገዱ ሲከፈት ጉልበቴ ተዘጋ። በጭነት መኪና፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጭኜ፣ ላሊበላ ልጄ ቤት ደረስኩ። ልጄ ያኔ ራሷ እናት ሆናለች፤ ባሏ ጥሏት ከሄደ ዓመታት ሆኖታል፤ የምትኖረው ከልጇ ጋር ነው፣ ከዚህችው ከምትጽፍልኝ። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት ተቀምጣ ነበር።

«በዚያ ሰሞን ምን አገኛችሁ?» አልኳት ልጄን፣ የደረስኩ ቀን።

«አለፈ» አለች። ከዚያ በኋላም ስለዚያ ሰሞን ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣትም።

እንግዲህ የኔ ጭንቀት እዚህ ላይ ይጀምራል። ቤቷ ጠባብ ናት፣ አንድ መደብ፣ አንድ አልጋ። እኔ መደቡ ላይ ነኝ። ልጄ ከሥራዋ ስታርፍ መጥታ በግራዬ ትቀመጣለች፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ። የማያት አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዓይን፣ አንድ ሎቲ ነው። አነጋግራታለሁ፣ ትመልሳለች፤ ፊቷ ግን በሩ ላይ ነው። አንድ ቀን ብልሃት መስሎኝ ተንፏቅቄ በበሩ በኩል ተቀመጥኩ፣ ፊት ለፊት እንድንተያይ። ገባች፣ አየችኝ፣ «እስቲ ወዲህ ይጠጉልኝ» አለችና ዞራ በዚያችው በግራዬ መጣች። ጎኗን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ከጓዳ ስጠራት አንዳንዴ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ዝም ትላለች። በመንገድ የኖርኩበትን ዘመን ሁሉ እየመለሰችልኝ ነው አልኩ። መቼስ ደግ ልጅ ናት፣ አታባርረኝም፤ ፊቷን ግን አትሰጠኝም። እሺ፣ አይፈረድባትም። ግን በዚህ በደከመ ጉልበት፣ ፊቱን በማይሰጥ ሰው ቤት ምን ይቀመጣል? ለሚመጣው ንግሥ መንገዴን እይዛለሁ ብዬ በልቤ ቆረጥኩ።

በዚያ መሐል ነው ካርቶኑ የመጣው።

ልጄ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ነበረች። እንግዳ ቀረ፤ ሆቴሉም በሩን ሊዘጋ ሆነ። ባለቤቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ለማስታወሻ የምትፈልጉትን ውሰዱ አላቸው። ፈጣን ፈጣኑ ብርድ ልብስና ድስት ወሰደ። ልጄ መጨረሻ ደርሳ የተረፋት ደረጃ ሥር የነበረ የመጽሐፍ ካርቶን ነው። እንግዶች አንብበው ሲጨርሱ ጥለውት የሚሄዱት ነው። ተሸክማ አምጥታ መሬት ላይ ጣለችው።

ጎረቤታችን ቆሎ ቸርቻሪ ናት። ካርቶኑ ሳይቀዘቅዝ ደረሰች።

«ይሄ ለቆሎዬ መጠቅለያ ነው፤ እግዜር ነው ያመጣልኝ» አለች።

«እግዜር ላንቺ ቢያመጣው ቤትሽ ባወረደው» አልኩ።

«እማማ፣ አንቱ ደግሞ ምን ያደርግልዎታል? ሊያነቡት?»

«መጀመሪያ ይታያል፣ ከዚያ ይጠቀለልበታል።»

ስናየው አብዛኛው የፈረንጅ ጽሑፍ ነው። አንድ ብቻ የአማርኛ አለ፣ ትንሽ፣ ልባሱ የተገነጠለ፣ ምናልባት አንዱ አስጎብኚ የረሳው። ከሥር ደግሞ ሦስት ሰፋፊ መጻሕፍት ወጡ፤ ጽሑፍ የላቸውም፣ ሥዕል ብቻ፣ እሱም ቀለም ያልገባበት፣ መስመር ብቻ።

«የልጆች ነው?» አልኩ።

«አይደለም፣ የትልቅ ሰው ነው» አለች የልጅ ልጄ። «ፈረንጆች ሲደክማቸው ቀለም ይቀቡበታል።»

«ሲደክማቸው አይተኙም?»

«አይ እማማ፣ ሐሳብ ሲደክማቸው ነው።»

ይሄ ነገር ገባኝ። ሐሳብ ሲደክም እንቅልፍ እንደማይመጣ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«እንግዲያው አንድ ይምረጡ» አለችኝና ሦስቱን መደቡ ላይ ደረደረችልኝ።

በዕድሜዬ መጽሐፍ ምረጪ ያለኝ ሰው አልነበረም። መጽሐፍ እኔ የማውቀው ቄሱ ሲያነቡት ቆሜ የምሰማው፣ ሲዘጉት የምሳለመው ነው። ጊዜ ወሰድኩ። የመጀመሪያው ክብ በክብ ነው፣ ሐረጉ እርስ በርሱ የተጠላለፈ፣ መሐሉ ላይ ዓይን የሚመስል ነገር ያለበት። እጄን ሰበሰብኩ። ደብተራ ለበሽተኛ የሚሠራውን ክታብ ነው የመሰለኝ። ክታብ ደግሞ ለታመመው ሰው ቁመት ተለክቶ የሚሠራ ነው፣ የሰው ክታብ አይገለጥም። «ለማን እንደተሠራ ሳላውቅ አልነካውም» አልኩ። ሁለተኛው የአትክልት ቦታ ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን ጥሎት የሄደው እንግዳ ጀምሮታል። ሦስት ቅጠል በጣም ተጠንቅቆ ቀብቷል፣ አራተኛውን ግማሽ አድርሶ ትቶታል። የሰው ጅምር ነው፤ እሱንም ተውኩት።

ሦስተኛው ሴቶች ናቸው። ጸጉራቸው እንደ ጎርፍ የወረደ፣ ጸጉራቸው ውስጥ አበባና ወፍ የተሰገሰገበት። ታዲያ አንዷም ወደኔ አታይም። ሁሉም በጎን ናቸው። በአንድ ዓይን።

«ውይ፣ የኔ ልጆች» አልኩ። «ምን ሠርተው ነው?»

«ማን?»

«እነዚህ። ምን በድለው ነው ባንድ ዓይን የተሣሉ?»

የልጅ ልጄ ግራ ገባት። አስረዳኋት። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ሲሣል ሁለት ዓይን ነው፣ ፊቱን ወደኛ ያዞርልናል። ክፉ ሰው፣ ሰይጣንም፣ አሳዳጅ ወታደርም በጎን ነው የሚሣል፣ ባንድ ዓይን፤ ዓይን ለዓይን እንዳንጋጠም። ይሄንን ማንም አላስተማረኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ግድግዳ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«እማማ፣ እነዚህ እኮ ዞረው ስለተቀመጡ ነው» አለች እየሳቀች። «ሌላው ዓይን በዚያ በኩል አለ።»

«በዚያ በኩል መኖሩን ማን አየ?»

ልጄ በግራዬ ተቀምጣ ነበር። ፈገግ አለች መሰለኝ፤ ባንድ በኩል ስለማያት እርግጠኛ አይደለሁም።

እነዚያን ሴቶች መረጥኩ። ጥሩ ሆነው አይደለም፤ አሳዝነውኝ ነው። ክቡን የልጅ ልጄ ወሰደችው፣ እሷ ምን ቸገራት። የአትክልቱን ጅምር ልጄ አንሥታ ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣ «ሰው ጀምሮ ሲሄድ መጨረስ የኔ ዕጣ ነው» አለች። ለማን እንዳለችው ገብቶኛል።  የቀረውን የፈረንጅ ጽሑፍ ቆሎ ቸርቻሪዋ ወሰደች፤ በፈንታው ለሁለት ሳምንት ቆሎ አበላችን።

እርሳሶቹ የልጅ ልጄ ተማሪ እያለች የተረፉ ናቸው፣ አሥራ አንድ፣ ሁሉም ያጠሩ። መያዙን ራሱ አላውቅበትም ነበር፣ እንደ ዱላ ነው የጨበጥኩት። «በሁለት ጣት፣ እማማ፣ ቀለል አድርገው» ትለኛለች። መስመሩን እያለፈ አስቸገረኝ። እግሬ የለመደውን እጄም ያዘ። የቀለም ስም ደግሞ አልተግባባንም። «ዳማ የለሽም?» እላታለሁ፤ «ዳማ ምንድን ነው?» ትለኛለች። የፈረስ መልክ ነው፣ ቀይ ሆኖ ጠቆር የሚል። ቡና ዓይነቱን በቀዩ ላይ ደርበን ዳማን አወጣነው። ለአንዷ ሴት ጸጉሯን ዳማ አደረግኩላት። ለሌላዋ አመድማ፣ እንደኔ። ወፉን በላሊበላ አለት ቀይ ቀባሁት።

ሲያልቅ ግን አላስችል አለኝ። ይህን ያህል አምሮባት ባንድ ዓይን ትቅር? እርሳሱን አሹዬ ሁለተኛ ዓይን ሣልኩላት። ጉንጯ ላይ ቦታ የለም፤ ከአፍንጫዋ ወዲያ ፊቷ ያልቃል። ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት ቦታ ወደ ጆሮዋ ነው። ጆሮዋን አጥፍቼ ትልቅ ዓይን፣ ክብ፣ መሐሉ ጥቁር፣ እንደ ግድግዳው መላእክት አድርጌ አስቀመጥኩላት።

የልጅ ልጄ አየችና መሬት ላይ ተንከባለለች። ልጄም ተነሥታ መጣች፣ ጎንበስ ብላ አየችና ሳቀች። የልጄን ሳቅ ከስንት ዓመት በኋላ ሰማሁ? አላውቅም። እንዲህ ዓይነት ሳቅ እንዳላት ራሱ አላውቅም ነበር።

«አሁን ጸደቀች?» አለችኝ።

«ግማሽ መንገድ ሄዳለች» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት በኋላችን እንዲህ ሆነ። ልጄ የሰው ልብስ አጥባ ትመለሳለች፣ በግራዬ ትቀመጣለች፣ የዚያን እንግዳ ቅጠል ትጨርሳለች። እኔ ሴቶቼን አጸድቃለሁ። የልጅ ልጄ ያንን ልባስ አልባ የአማርኛ መጽሐፍ ታነብልናለች። ገድልና ተአምር ስሰማ ነው የኖርኩት፤ እሱ ከባድ ነው፣ ቆመው የሚሰሙት ነው። ይሄ ግን ተጋድመው፣ እርሳስ እየቀረጹ የሚሰሙት ነው። ብዙ ቁም ነገር የለውም፤ ደግነቱም እሱ ነው። አንዲት ነርስ አለች፣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አለ። ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲሄድ ታለቅሳለች፣ ሲመጣ ትቆጣለች።

«ሳማት» ትላለች የልጅ ልጄ።

«በጾም ነው?» እላለሁ።

«እማማ፣ እሱን አይልም።»

«እንዴት አይልም? ዋናው ነገር እሱ አይደል?»

ጎረቤታችን በበሩ ስታልፍ ብቅ ትልና፣ «ዓለሙ ሁሉ ስንዴ ያጣል፣ እዚህ ቤት አሮጊቷ እርሳስ ቸግሯታል» ትላለች። ግን ትቀመጣለች። ነርሷን እንደኛ ትሳደባለች። «በር ዘግተሽ አታስገቢው!» ትላለች፣ ሰውዬው በረንዳዋ ላይ የቆመ ይመስል።

ደክሞኝ እንደነበር አልደብቅም። ጉልበቴ ያቃጥለኛል፣ ዓይኔ ያለቅሳል፣ አንዳንዴ አንድ አበባ ቀብቼ እርሳሱን እንደያዝኩ አንቀላፋለሁ። ግን ያ ድካም የመንገድ ድካም አይደለም። እጅ ሲሠራ እግር ያርፋል፤ ያንን በስተርጅና ነው ያወቅኩት። ንግሡ ቢያልፈኝ እንኳ ልቀመጥ ይሆን እንዴ ማለት ጀምሬ ነበር።

መጽሐፉ ነው ያጣላን። ያ የአማርኛው።

አንድ ቀን ሹፌሩ ራቅ ወዳለ አገር ጭነት ይዞ ይሄዳል። እመለሳለሁ ይላል። ነርሷ በር ላይ ቆማ መኪናው እስኪሰወር ታያለች። የልጅ ልጄ ገጹን ገለጠች፤ ከዚያ ወዲያ የለም። መጨረሻው ተገንጥሏል። ልባሱ ሲሄድ ይዞት ሄዷል።

«ውይ!» አልን ሦስታችንም።

«እንግዲህ እኛ እንጨርሰው» አለች የልጅ ልጄ። «እማማ፣ ይመለሳል አይመለስም?»

«ይመለሳል» አልኩ። «ምን ቢዞር መመለሱ አይቀርም። ጎማውም ያልቃል።»

«አንቺስ እማ?»

ልጄ ቅጠሏን አላቋረጠችም። ወደ በሩ እንደዞረች፣ «መንገድ የለመደ ሰው ቢመለስም ተመልሶ ሊሄድ ነው» አለች። «እሷ ብትተወው ይሻላታል። ዱላውን አቀብላው ትረፍ።»

ዱላውን። ሹፌር ምን ዱላ አለው? ሹፌር ዱላ የለውም።

እርሳሴን አስቀመጥኩ።  በማግስቱ ጠዋት ልጄ ደጅ ላይ ጎንበስ ብላ ልብስ ስታሽ ወጣሁና ከጎኗ ቆምኩ፣ በግድግዳው በኩል፣ በግራዋ። ድምፄ ትንሽ ናት፣ ያን ቀን ደግሞ ባሰባት። «ልጄ» አልኩ። «በልጅነትሽ ጥዬሽ ሄድኩ። አላውቅም ነበር አልልም፣ አውቅ ነበር። ይቅር ትይኛለሽ?»

ልብሱን ማሸቷን ቀጠለች። አረፋው እስከ ክርኗ ነው። ፊቷን አላነሣችም።

ጥቂት ቆምኩ። መልስ አለመመለስም መልስ ነው ብዬ ገባሁ። ከረጢቴን፣ ነጠላዬን፣ ዱላዬን ያዝኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የሴቶቹን መጽሐፍም ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩት። ልጄ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ በዚያች መሐል ወጣሁ።

ነአኩቶ ለአብ ሩቅ አይደለም፤ እኔ ድሮ ቁርስ ሳልበላ ደርሼ የምመለስበት ነው። ያን ቀን ግን ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እኔ ገና ግማሽ መንገድ ነኝ። ድንጋይ ባገኘሁ ቁጥር ተቀምጬ፣ በተቀመጥኩ ቁጥር መነሣት እያቃተኝ፣ እንደምንም ዋሻው ሥር ደረስኩ። ከአለቱ ጣራ ጸበሉ ጠብ ጠብ እያለ በድንጋይ ገበታው ውስጥ ይጠራቀማል። እሱን ጠጥቼ ግድግዳው ሥር ተደገፍኩ። ሌላ ጊዜ እዚህ ስደርስ ልቤ ይቀለኛል። ያን ቀን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚህ ወዴት? ወደፊት የሚሄድ እግር የለኝም፣ ወደ ኋላ የሚጠራኝ ሰው የለኝም።

መጽሐፉን አወጣሁ። አንድ ሴት ቀርታኛለች፣ የመጨረሻዋ፣ ጸጉሯ ገና ነጭ ነው። ከረጢቴን ዳበስኩ። እርሳሶቹን ረስቻለሁ።

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ባሌ ሲሞት እንዲያ አላለቀስኩም። አንድ ቄስ አዩኝና፣ «እናቴ፣ ምን ሆኑ?» አሉኝ። እርሳስ ረሳሁ ልበላቸው? «ደክሞኝ ነው አባቴ» አልኩ። ባረኩኝ፣ አለፉ።

ጥላው ወደ ምሥራቅ ሲዘረጋ አንዲት ሴት ከታች በጠባቧ መንገድ እየወጣች መጣች። አረማመዷን አውቀዋለሁ፣ የእናቴ አረማመድ ነው። መጣች፣ ተሳለመች፣ ዞራ በግራዬ ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ። አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዓይን፣ አንድ ሎቲ። ትንፋሿን ሰበሰበች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። እርሳሶቹ ናቸው፣ አሥራ አንዱም።

«እርሳስዎን ረስተው ሄዱ» አለች።

«አውቄ ነው የተውኩት።»

«መጽሐፉንስ?»

«እሱን አላውቅም።»

መጽሐፉን ከጭኔ ላይ ወሰደች። የመጨረሻዋን ሴት አየቻት። ጥቁሩን እርሳስ መርጣ፣ ምንም ሳትቀባላት፣ ከጸጉሯ በፊት ሁለተኛውን ዓይን ሣለችላት። ጠማማ ሆነ፣ ከኔም የባሰ። ጆሮዋን ሙሉ በሙሉ አጠፋው።

«ይቺም ትጽደቅ» አለች። «ጸጉሯን አንቱ ይሥሩላት። ያላለቀ ነገር ይዘው ወዴት ይሄዳሉ?»

«የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው» አልኩ። «ጎማው አልቋል።»

አልሳቀችም፣ ግን እጇን ዘረጋችልኝ። ወርደን መንገዱ ላይ ባጃጅ አገኘን። በባጃጁም ቢሆን ቦታ አስለወጠችኝ፤ እሷ በግራዬ፣ እኔ በቀኟ። ይሁን አልኩ። ፊቷን ባትሰጠኝ እግሯን ሰጠችኝ፣ ይህን ሁሉ ዳገት ወጣች፣ ይበቃኛል። ይቅርታውን ደግሜ አልጠየቅኩም። መልሱን የሰማሁት መስሎኝ፣ ተገቢ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ለንግሥ ከላሊበላ አልወጣሁም። ያችን የመጨረሻዋን ሴት ጸጉሯን በወይን ጠጅ ቀለም ሠራሁላት። የነርሷን መጨረሻ ግን ሳንጨርሰው ቀረ፤ ባነሣነው ቁጥር ሌላ ወሬ ይመጣል።

ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ልጄ በግራዬ፣ እኔ አንድ ጉንጭ እያየሁ። ለመድኩት። ሰው ምን የማይለምደው አለ።

ባለፈው ዓመት እንግዳ ሐኪሞች ወደ ሆስፒታሉ መጥተው ሕዝቡን በነጻ ያዩ ነበር። የልጅ ልጄ እናቷን ይዛት ሄደች። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም ወረፋ ለመያዝ የሚሄዱበት ብዙ ነገር ስላለ አልጠየቅኩም። ሲመለሱ ልጄ ልብስ ልትሰበስብ ወጣች፣ የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀመጠችና ነገረችኝ። ከባድ መሣሪያው በጮኸበት ሰሞን አንዱ ጥይት ከቤቱ ጀርባ ወድቆ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቷ ግራ ጆሮ አይሰማም። ሐኪሞቹ አሁን ዘግይቷል ብለዋል። ለኔ እንዳይነገር የከለከለችው እሷ ናት፣ «በሌሉበት የሆነ ነው፣ ሌላ ጸጸት አልጨምርባቸውም» ብላ።

«ቀኙስ?» አልኩ።

«ቀኙ ደህና ነው» አለች የልጅ ልጄ። «ለዚህ እኮ ነው ሁልጊዜ በግራዎ የምትቀመጠው። የርስዎ ድምፅ ትንሽ ነው፤ ካልዞረች አትሰማዎትም።»